የቆመ የሚመስለው መብራት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ሰማይ ላይ ታዩ ስለተባሉት ድሮኖች ሲያወራ ባዕድ ፍጡርን እያነሳ "መንግሥት የደበቀው ጉድ አለ" ይላል። ያን ሰሞን እዚያው ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ኤርፖርት አካባቢ ታክሲ እነዳ ስለነበር የበኩሌን ልበል። አንድ ማታ ያሳፈርኳት ሴትዮ "ያውና! ቆሟል እኮ!" ብላ ስልኳን መስኮቱ ላይ ደቀነች። እውነትም ደማቅ መብራት አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ጠመም ሲል የክንፎቹ ቀይና አረንጓዴ መብራት ታየ፤ ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላን ነው። ፊት ለፊት ሲመጣብህ እኮ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። እሷ ግን ቪዲዮውን ለጥፋው ነው የወረደችው።

ምን ይፈረድባታል! የሜሪላንድ ግዛት የቀድሞ ገዢ ላሪ ሆጋን እንኳ ከቤታቸው በላይ ድሮን አየሁ ብለው የለጠፉት ቪዲዮ ላይ የነበሩት የኦሪዮን ከዋክብት ሆነው አረፉት። ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ከደረሱት ከ5,000 በላይ ጥቆማዎች ተጨማሪ ክትትል የሚሹት 100 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሕዝቡ ግን በከንቱ አልደነገጠም። ታዩ ከተባሉባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የፒካቲኒ የጦር ሠፈር አካባቢ ነው። ባለሥልጣናቱም "ስጋት የለም" ከማለት በቀር ለሳምንታት የረባ ነገር አልተናገሩም። በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ ሲገቡ ዋይት ሐውስ "ብዙዎቹ ለምርምርና ለሌላም ጉዳይ በኤፍኤኤ (በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ፈቃድ የበረሩ ናቸው" አለ። የማን ምርምር? ጸሐፊው ስለ ባዕድ ፍጡር ከሚያወራ ይህችን ቢጠይቅልን።