የሞንቴ ሉንጎ ሙታን የባዶሊዮ ጠበቃ አይደሉም

ስለ ጣሊያን የጦር ወንጀል በተወራ ቁጥር የሚመዘዝ መከራከሪያ አለ፤ ሰሞኑንም ካሳ የሚለው ቃል ሲነሳ ተመዞ ሲያበሽቀን ሰነበተ። ጣሊያን በ1943 የተኩስ አቁም ፈርማለች፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጎን ተሰልፋ ናዚን ወግታለች፤ ልጆቿ ሞተዋል፤ እናም "አጋር" የሆነችን አገር በ1936 ነገር መጨቅጨቅ ያለፈበት ነው ይሉናል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

"አጋር" ከምትለዋ ቃል እንጀምር፤ ከክርክሩ ሁሉ የበሰበሰችው እሷ ናትና። ጣሊያን በዚያ ጦርነት የእንግሊዝም የአሜሪካም አጋር ሆና አታውቅም። ኦክቶበር 13 ቀን 1943 በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ለንደን፣ ዋሽንግተንና ሞስኮ በጋራ መግለጫ የሰጧት ስም "አብሮ ተዋጊ" የሚል ነው። ስሙ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። አጋር ቢሏት ኖሮ በድል ማግስት ከአሸናፊዎች ወንበር አንዱን ትጠይቅ ነበር። መግለጫው በዚህ አላበቃም፤ አብሮ ተዋጊነቱ በቅርቡ የተፈረሙትን የእጅ መስጫ ውሎች ሊነካ አይችልም፣ ውሎቹ እንደጸኑ ናቸው ይላል። ጎራ በመቀየር ሒሳብ ተዘጋ የሚለን ሰው የሚከራከረው ከእኛ ጋር አይደለም፤ ጎራውን ተቀብለው ካስገቡት ከሦስቱ መንግሥታት ጋር ነው።

ታዲያ ያልተነኩት ውሎች ምን ይላሉ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አጭሩ ስምምነት ሴፕቴምበር 3 ቀን በሲሲሊ፣ ካሲቢሌ ላይ ተፈረመ። ረጅሙና ዝርዝሩ ግን ሴፕቴምበር 29 ቀን በማልታ ወደብ፣ ኔልሰን በተባለችው የእንግሊዝ ጦር መርከብ ላይ ነው የተፈረመው። 44 አንቀጾች አሉት። በአንድ በኩል ጄኔራል አይዘንሃወር ፈረመ፤ በሌላው በኩል ሙሶሊኒ ከወረደ በኋላ የጣሊያን መንግሥት መሪ የሆነው ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ። አንቀጽ 29 ሙሶሊኒና ዋና ዋና የፋሺስት ግብረ አበሮቹ፣ እንዲሁም ስማቸው በተባበሩት መንግሥታት (ያኔ ጀርመንንና ግብረ አበሮቿን በአንድነት የሚወጉት አገሮች መጠሪያ ነው) በሚተላለፍ ዝርዝር ላይ የሚገኝ በጦር ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ተይዘው ይሰጡ ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩትን መንግሥታት ቃል ኪዳን የተቀበለችው በ1942 ነው። ውሉ ሲፈረም ከእነዚያ መንግሥታት አንዷ ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀት ግርጌ የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ አንርሳ። ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ በተከዜ ማዶ በራስ እምሩ ጦር ላይ፣ ቀጥሎም በየግንባሩ ኢፔሪት የተባለውን መርዝ ያዘነበው የጣሊያን ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነው። ከአውሮፕላን የሚጣለው ትልቁ ቦምብ 212 ኪሎ ያህል ፈሳሽ መርዝ ይይዝ ነበር። መሬት እስኪነካ አይጠበቅም፤ ማፈንጃው በሰዓት ተሞልቶ ወደ 250 ሜትር ከፍታ ላይ ይበተንና መርዙ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ውኃው ላይ ይቀራል። ባዶ እግሩን የሄደ ገበሬና ወታደር ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ፣ ቆዳው አብጦ ውኃ ሲቋጥር ነው። የጣሊያን መንግሥት ይህን መርዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። አዲስ አበባ ሲገባ "የአዲስ አበባ መስፍን" የሚል ማዕረግ የተሸለመው ባዶሊዮ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የጦር ወንጀለኞችን አሳልፎ ለመስጠት በገዛ እጁ ፈረመ። ራሱን ግን የሰጠውም የያዘውም የለም፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ጠቃሚ ሰው ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረም።

ስለ ወታደሮቹ ከተነሳ እንነጋገር። ጣሊያን ከትናንት ጠላቶቿ ጎን መጀመሪያ ያሰለፈችው ጦር 5,500 ያህል ሰው የነበረው አንደኛው የሞተር ብርጌድ ነው። በአሜሪካው 36ኛ ክፍለ ጦር አጠገብ ተመድቦ ዲሴምበር 8 ቀን 1943 ማለዳ ሞንቴ ሉንጎን ሊይዝ ወጣ። ከሮማ በስተደቡብ ያለ ራቁቱን የቆመ ድንጋያማ ተራራ ነው። ጉሙ ሲነሳ የጠበቃቸው መትረየስ ነበር። የጎን ከፍታዎቹና ሳን ፒየትሮ መንደር ገና በጀርመን እጅ ስለነበሩ ከፊትም ከጎንም ተመቱ፤ በአንድ ቀን የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው ወደ 300 ይጠጋል። በስምንተኛው ቀን፣ አሜሪካኖቹ በሌሊት በጎን በኩል ከዞሩ በኋላ፣ ዳግመኛ ወጥተው ተራራውን ያዙት። በ1944 ጦሩ አድጎ በአድሪያቲክ ዳርቻ ከፖላንዶች ጋር ተዋጋ። በ1945 የእንግሊዝ ልብስ ለብሰው፣ የእንግሊዝ መድፍ ይዘው፣ ክንዳቸው ላይ የአገራቸውን ሦስት ቀለም ሰፍተው አራት የውጊያ ቡድኖች ግንባር ገቡ። ኤፕሪል 21 ቀን ቦሎኛ ስትያዝ ከገቡት መካከል ነበሩ። ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም።

ግን እነዚህን ልጆች ለዚያ ዕጣ የዳረጋቸው ማነው? ሴፕቴምበር 8 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ ባዶሊዮ በሬዲዮ የተኩስ አቁሙን አወጀ። ጦሩ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር መዋጋቱን ያቁም፣ ከሌላ ወገን ጥቃት ቢመጣ ግን ይመክት አለ። ጀርመን የሚል ስም አልጠራም፤ ማን ምን እንደሚይዝ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚጠበቅ አልተናገረም። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ንጉሡንና ጄኔራሎቹን ይዞ ከሮማ ወጣ፤ በመርከብ ብሪንዲዚ ገባ። ያለ ትእዛዝ የቀረው ጦር በየሰፈሩ ትጥቁን ፈታ፤ ከ600,000 በላይ ወታደር ተግዞ ጀርመን ወረደ። በሞንቴ ሉንጎ የወደቁት ከዚህ ውርደት ተነስተው አገራቸውን ለማዳን የወጡ ናቸው። ክዷቸው የሸሸውን ሰው በእነሱ ደም ለማጠብ መሞከር ሙታንን ሁለት ጊዜ መበደል ነው።

ይህ ካልተዋጠላችሁ ግራዚያኒን ተመልከቱ። የየካቲት 12ቱ፣ የደብረ ሊባኖሱ ግራዚያኒ በ1943 ሌላውን ጎራ መረጠ፤ ሙሶሊኒ በጀርመን ድጋፍ በሰሜን ጣሊያን ባቆመው መንግሥት የጦር ሚኒስትር ሆነ። በ1950 የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ በወራት ውስጥ ተለቀቀ። የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። ስለ አዲስ አበባ ሬሳዎች፣ ስለ መነኮሳቱ አንድም ክስ አልቀረበበትም። እንግዲህ ሁለት ማርሻሎች በእኛ ምድር ፈጁ፤ አንዱ በጎራው ተፈረደበት፣ ሌላው በጎራው ዳነ። የኢትዮጵያ ደም በሁለቱም ሚዛን ላይ አልተቀመጠም።

"ሒሳቡ ተወራርዷል" ለሚለውም የ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ይመልስለት። የጣሊያን ጦር ከተኩስ አቁሙ በኋላ ጀርመንን መውጋቱን ውሉ ከመግቢያው ላይ ጽፎታል፤ ውለታው ተቆጥሯል። ከተቆጠረ በኋላ ነው አንቀጽ 38 ለኢትዮጵያ ውሉ የሚጸናው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ያለው። አንቀጽ 45 ወንጀለኞች ተይዘው ለፍርድ ይቅረቡ አለ። አንቀጽ 74 ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ቆረጠ፤ ለዩጎዝላቪያ የቆረጠው 125 ሚሊዮን ነው። አንቀጽ 37 የተዘረፈው ቅርስ በ18 ወር ይመለስ አለ፤ የአክሱም ሐውልት የመጨረሻው ክፋይ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው።

ፍርዱ ሲጠየቅስ? የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋሙት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ሥራው ከ1939 ወዲህ ያለውን ጦርነት ብቻ ይመለከታል ተብሎ ኢትዮጵያ በአባልነት አልገባችም። እንደምንም ብላ በ1948 አሥር ስሞች አስመዘገበች፤ ባዶሊዮም ግራዚያኒም አሉበት። ለኢትዮጵያ ተላልፎ የተሰጠ ግን አንድ እንኳ የለም። እንግሊዝ እንዲሰጡ አልፈለገችም፤ ባዶሊዮ አብሯት የሠራ ሰው ነበርና። ይህን የመሰለ ሸፍጥ ዛሬ "ዕርቅ" ብሎ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ አንቀጽ 29ን ያንብብ።

ባዶሊዮ በ1956 በተወለደባት መንደር አልጋው ላይ ሞተ። መንደሯ ቀድሞ ግራዛኖ ሞንፌራቶ ትባል ነበር፤ በፋሺስቶቹ ዘመን በስሙ ተለወጠች። ዛሬም የመንገዱ ታፔላ ግራዛኖ ባዶሊዮ ይላል።