ሰርቨሩ እንኳ ይታገሣል

ሰኞ ጠዋት ከአለቆቻችን አንድ የውስጥ ማስታወሻ ደረሰን። ሁለት አንቀጽ ናት። የመጀመሪያው አንቀጽ ማንኛውም ሠራተኛ ለሚደርሰው ኢሜይል በ15 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይስጥ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሐሳባችን ሳይበታተን እንድንጽፍ የሚረዳ ሶፍትዌር ስለተገዛ የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዳለ ያበሥራል።

ሁለቱን አንቀጾች የጻፋቸው አንድ ሰው መሆኑን ማመን አቅቶኛል። በአንድ እጅ ደወል እየደወሉ በሌላው የጆሮ መድፈኛ ማደል ይሉታል ይህ ነው።

የእኛ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ሌላ ቦታ የሚሠሩ ወዳጆቼም ይህንኑ ነው የሚያወሩኝ። አንዱ ጋ 10 ደቂቃ ነው፣ ሌላዋ ጋ "ወዲያውኑ" ነው። "ወዲያውኑ" ስንት ደቂቃ እንደሆነ የጠየቀ ግን እስካሁን የለም።

በስብሰባው ላይ ምክንያቱ ሲጠየቅ አንድ ኃላፊ ምን አሉ? "ፈጣን መልስ የአክብሮት ምልክት ነው።"

አክብሮት! ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ሳያነብ "ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" የሚለኝ ሰው ነው የሚያከብረኝ? ሦስት ነገር ጠይቄው የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ ይሄዳል። ለቀሩት ሁለቱ እንደገና እጽፍለታለሁ። እሱም በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ሕጉን አክብሮ፣ ሁለተኛውን ብቻ ይመልሳል። አንዴ ተረጋግቶ ቢያነበው በአንድ መልስ ያልቅ የነበረ ጉዳይ ስድስት ኢሜይል ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንዲህ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ቤት የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ያውም ሲሲ የተደረገው፣ ማለትም ግልባጭ የሚደርሰው፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ።

እኚሁ ሰው ቀጥለው "ሐሳቡ የሚበተን ሰው ዲሲፕሊን ይጎድለዋል" አሉ። ጌታዬ፣ ኢሜይል በመጣ ቁጥር በስክሪኔ ጥግ ብቅ የምትለው ሳጥን ዓይኔን እንድትስብ ታስባ የተሠራች ናት። ያልተነበቡትን የምትቆጥረው ቀይዋ ቁጥርም እንደዚያው። ሥራዋን በደንብ ስለሠራች እኔ ዲሲፕሊን የለኝም ማለት ነው?

እስቲ ወደ መሠረቱ እንመለስ፤ ኢሜይል የተሠራው ለምን ነበር? ይቺ ነጥብ ደጋግማ ስለምታናድደኝ ትንሽ ልቆይባት።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ በኔትወርክ መልእክት ሲልክ፣ የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት ዛሬ በአድራሻችን መሀል ያለችውን ክብ ምልክት (@) መረጠ። ስልክ በዚያን ጊዜ ነበር። አሁኑኑ መልስ የፈለገ ሰው ደውሎ ያገኝ ነበር። አዲሱ ነገር ታዲያ ምን ነበር? ሰውየው ቦታው ላይ ባይኖርም መልእክቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። የፖስታ ሳጥን ነው የሠሩልን። ሳጥን ደግሞ ባለቤቱ ሲመቸው ይከፍተዋል እንጂ እየሮጠ ባለቤቱን አያሳድድም።

ይህ የእኔ ትርጉም እንዳይመስላችሁ። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ ማለትም መልእክት ከሚያስተላልፍ አንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው፣ የሚሄድበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ ወጣ፣ በ2008 ደግሞ ታድሷል። ተቀባዩ ሰርቨር ለጊዜው አልገኝ ካለ ላኪው ምን ያድርግ? የታደሰው ደንብ መልስ አለው። መልእክቱን ወረፋ ላይ አቆይቶ እንደገና ይሞክር። በየስንት ጊዜው? በጥቅሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ። ተስፋ የሚቆርጠውስ መቼ ነው? በአብዛኛው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ከጠበቀ በኋላ።

ልብ በሉልኝ። ሰርቨር እንቅልፍ የለውም፣ ምሳ አይወጣም፣ ሌላ የሚጽፈው ሪፖርት የለውም። ይህ ማሽን አንዴ በሩን አንኳኩቶ መልስ ካጣ እንደገና ለማንኳኳት ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። የእኛ አለቆች ግን ሪፖርት እየጻፈ ላለ ሰው የሰጡት የዚያን እኩሌታ ነው። ማሽን ለማሽን ያሳየውን ትዕግሥት ሰው ለሰው ነፈገው። ሰርቨር ብሆን ይሻለኝ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁ እንጂ እኔስ የምሬን ነው።

"አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?" የሚል አይጠፋም። ይደወላ! አይፎን ላይ ፎከስ የሚባለውን፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ "አትረብሹኝ" የሚለውን ስታበሩ የመረጣችኋቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ትችላላችሁ። የአለቃዬን ቁጥር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አስገብቻለሁ። እስካሁን አንድም ቀን አልደወሉም። "አስቸኳይ" የሚል ርዕስ ያላቸው ኢሜይሎች ግን ይጎርፋሉ። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የደንበኛ አቤቱታ የሚቀበሉ ሰዎች ፈጥነው ይመልሱ። ሥራቸው ያ ነው። የሌሎቻችን ሥራ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ኢሜይል የዚያ ሥራ መንገድ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 124 ሰዎች አንዱን ሳምንት ኢሜይላቸውን በቀን 3 ጊዜ ብቻ፣ ሌላውን ሳምንት ደግሞ የፈለጉትን ያህል እንዲያዩ ተደረገ። በ3 ጊዜው ሳምንት ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ። 124 ሰው ትንሽ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የ15 ደቂቃው ሕግ በስንት ሰው ላይ ተሞክሮ እንደወጣ ጠይቁልኝ።

የተገዛውን ሶፍትዌር በተመለከተ ብዙ አልልም። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ ያደርጋል፣ ፊደል ብቻ ያሳያል። ጥሩ ነው። ግን ወርድም ፎከስ የሚል አማራጭ አለው፣ ኖትፓድም ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣል። ከኋላው የኢሜይሉ ማሳወቂያ ጡሩንባውን እየነፋ ነጩ ገጽ ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ማሳወቂያውን አጥፉ። ድምፁን፣ ብቅ ባይዋን ሳጥን፣ ቁጥሯን፣ ሁሉንም። አውትሉክ ላይም ጂሜይል ላይም ሴቲንግ ውስጥ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ግማሽ ቀን ሥልጠና?

ሥልጠናውን እኔ ብሰጥ ኖሮ ሰዓቱን የማጠፋው በሌላ ነገር ነው። ከባድ ኢሜይል ስትጽፉ የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ አስገቡ። አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስህተት አይሄድም። ተናዳችሁ ስትጽፉ ደግሞ ኢሜይሉን ጨርሶ ዝጉና ኖትፓድ ላይ ጻፉት። ጂሜይል ላይ "ላክ" ካላችሁ በኋላ ኢሜይሉን መልሳችሁ የምትይዙበትን ጊዜ እስከ 30 ሰከንድ ማራዘም ትችላላችሁ። ሳትነኩት ከተዋችሁት 5 ሰከንድ ብቻ ነው፣ በ5 ሰከንድ ደግሞ ማንም አይጸጸትም። የቆየው አውትሉክ ላይ የሚላከው ሁሉ እስከ 120 ደቂቃ ታግቶ እንዲቆይ ደንብ ማውጣት ይቻላል። እኔ 10 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። ያቺ 10 ደቂቃ ከስንት ኀፍረት አውጥታኛለች!

ርዕሱ ላይ ደግሞ የምትፈልጉትን ጻፉ። "ሰላምታ" የሚል ርዕስ ምን ይነግረኛል? "በጀቱን እስከ ኀሙስ አጽድቁልኝ" ካላችሁ ሰውየው ሳይከፍተው መቼ መክፈት እንዳለበት ያውቃል። ያኔ 15 ደቂቃ የሚል ሕግ ማን ይፈልጋል?

ለማስታወሻው መልሴን ጽፌያለሁ። ኖትፓድ ላይ፣ ማሳወቂያው ጠፍቶ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ። ከመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ስድብ አውጥቻለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው። ማስታወሻው ከደረሰኝ አራተኛ ቀኑ። በደንቡ መሠረት ሰርቨር ብሆን ኖሮ ገና ተስፋ አልቆርጥም፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲላክ ቀጠሮ ይዤለታለሁ።