ይድረስ ለክቡር ፒጂ-13፣ የአሜሪካ ፊልሞች የዕድሜ ደረጃ ምልክት፣ በፊልሙ ጥግ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ የጦሳ ተራራ ከሚልክብን ብርድ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። («ከናፍቆትዎ በስተቀር» ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልናፈቁኝም።)

ቅዳሜ ማታ ፍላሼን ይዤ ፊልም የሚጭነው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። «ከልጆች ጋር የሚታይ ነገር አለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ይሄን ይውሰዱ ጋሼ፣ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ደግሞ ፒጂ-13 ነው» አለኝ፤ የቄራ ማኅተም ያረፈበት ሽንጥ የሚያሳየኝ ይመስል ነበር። እኔም ማኅተሙን አምኜ ወደ ቤቴ።

ልጆቼ አንዷ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 11። እርስዎ ታዲያ መሀላቸው ገብተው ተቀመጡ። እሷ «እኔ አልፌዋለሁ» ብላ ሶፋውን ያዘች፤ እሱ «ሁለት ዓመት ምን አላት!» ብሎ ተሟገተ። ቡና የሚያፈሉት አማቴ «13 ምንድን ነው? ዋጋው ነው?» አሉ።

ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃው ሁለቱ ሰዎች ከንፈር ለከንፈር ሆኑ። አማቴ «አስተግፊሩላህ» ብለው ያልጨሰ ከሰል ማራገብ ጀመሩ። ልጄ ስልኳ ውስጥ ገባች። ባለቤቴ እኔን ታየኛለች፣ እኔ ሪሞት እፈልጋለሁ፣ ሪሞቱ ትንሹ ልጅ ሥር ነው። አግኝቼ ወደፊት ባስሮጠው ከመሳሙ አለፈና አልጋው ላይ ቆመ።

በማግስቱ ስለ እርስዎ አጠያየቅሁ። አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1984 ነው አሉ የተወለዱት፤ ፒጂ በሚባለው ቀለል ያለ ደረጃ ስም ያለፉ ፊልሞች ልጆችን አስደንግጠው ወላጅ ሲጮህ፣ በፒጂና ጠበቅ ባለው ደረጃ በአር መካከል። ደረጃ ሰጪዎችዎም እዚያው ያሉ ወላጆች ናቸው። ያቺን የታወቀች የእንግሊዝኛ ስድብ አንዴ ስትባል ያልፏታል፣ ስትደገም ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን ወደ አር ይገፉታል። ይህ ሁሉ ይሁን። ያናደደኝ ሌላ ነው፤ ለካ እርስዎ ማንንም አይከለክሉም! «ወላጆች ሆይ፣ አደራ ተጠንቀቁ» ነው ትርጉምዎ። «ሥጋውን አይተህ ብላ» ብሎ የሚመታ የቄራ ማኅተም ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

እሺ፣ ወደዚያው ቅዳሜ ማታ ልመለስ። ከመሳሙ በኋላ ሪሞቱን አስቀምጬ ዘና አልኩ። ፊልሙ ላይ ልጁ ልጅቷን እንተዋወቅ ይላታል፣ እምቢ ትላለች። ሥራ ቦታዋ በር ላይ ይጠብቃታል፣ እምቢ። ስልክ ቁጥሯን ከጓደኛዋ ለምኖ ይወስዳል፣ ማታ ማታ ይደውላል፣ እምቢ። እኛ እንስቃለን። አማቴ ሳይቀሩ «ምን ያለው ችኮ ነው!» ብለው ሁለተኛውን ቀዱ። በዚህ ሁሉ ማንም ሪሞት አልፈለገም፤ ቆዳም አልታየ፣ ስድብም አልተደገመ፣ ለእርስዎ የሚቆጠር ነገር የለም።

ያልሳቀች ልጄ ብቻ ነበረች። «ከፒያሳ እስከ እዚህ የሚከተሉኝም ልጆች እንደዚህ ነው የሚያደርጉት» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን የሰበረው ትንሹ ነው፦ «አባዬ፣ ስንተኛው እምቢ ላይ ነው እሺ የምትለው?»

እህቱ በትራስ አለችው። እኔም ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፤ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ቡና ስለ እምቢ አወራን። መሳሙን ስንት ጊዜ እንዳስሮጥኩ ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ። እርስዎስ?

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ ከቁጥርዎ ጎን በትንሹም ቢሆን «በዚህ ፊልም እምቢ 7 ጊዜ ተብሎ አልተሰማም» ብለው ይጻፉልን። ከንፈሩን እኛው እንወጣዋለን፣ ከሰል አለን።

አክባሪዎ፣
የሪሞቱ ባለቤት ነኝ ባይ

ማስታወሻ፦ አማቴ ሰላም ብለዎታል። ካጠፋሁባቸው ጀምሮ አኩርፈውኛል፤ «ለመሆኑ አገባት?» ብለው ይጠይቁዎታል።