ጩኸቱ በግማሽ ሰዓት፣ ዝምታው በ14 ወር

የአደን ጠመንጃዬን የገዛሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁ። ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል የጠመንጃ መግዣ ቅጽና የክፍለ ግዛቱን አንድ ወረቀት ሞላሁ። ሻጩ ስሜን ለማጣራት ላከው። የያዝኩትን ቡና ሳልጨርስ "አልፈሃል" አለኝ። ከፈልኩ፣ መኪናዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ቤቴ ገባሁ።

የዚያን ጠመንጃ ድምፅ የሚቀንሰውን ቱቦ እጄ ያስገባሁት ግን ከ14 ወር በኋላ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ቱቦው ራሱ አይተኩስም። ጥይት አይጎርስም። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ብረት ነው። አፈሙዙ ላይ ይጠመዘዛል። ከጥይቱ ኋላ የሚወጣውን ጋዝ ውስጡ ባሉት ክፍሎች እያዞረ ያበርደዋል፣ ድምፁም አብሮ ይበርዳል። እኛ ድምፅ ማፈኛ እንለዋለን። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሁሉም "ካን" ነው የሚለው፣ ጣሳ እንደማለት።

ለአንድ ወዳጄ ልገዛ ነው ብዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ማንን ልትደፋበት ነው?" ብሎ ነው። አልፈርድበትም፣ ሁላችንም ከፊልም ነው የምናውቀው። በፊልሙ "ፒስ" ትልና ሰው ይወድቃል። በእውነቱ ዓለም እንዲህ የለም። የአደን ጠመንጃ በድምፅ መለኪያው፣ በዴሲቤል፣ 160 ገደማ ይጮሃል። ማፈኛው ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ቢቀንስ ነው። ጎረቤት አሁንም ይሰማዋል። ልዩነቱ ለተኳሹ ጆሮ ነው። ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ተኩስ አንዴ ብቻ ጆሮ አጠገብ ቢጮህ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ጆሮ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ያደግኩት እያየሁ ነው። አባቴ የቢቸና ሰው ነው። ምንሽሩ ያልጮኸበት ሰርግ፣ ያልጮኸበት ቀብር አላስታውስም። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲመለስ እሱ ከፊት ነው። ምንሽሩን ቀኝ ትከሻው ላይ ሲያስደግፍ ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል። መጀመሪያ የሄደው ግራው ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በግራ በኩል ሆኜ ብጠራው ዞር አይልም ነበር። እናቴ እራት ላይ ሁልጊዜ በቀኙ ትቀመጥ ነበር። ማንም ግን ይህን ከጠመንጃው ጋር አያይዞት አያውቅም። "አርጅቶ ነው" ይባላል። ያኔ 50 ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ አጋዘን አደን ይዘውኝ መሄድ ሲጀምሩ፣ አንደኛው ጠመንጃ ላይ ያየሁትን ቱቦ በዚያው ሰሞን ፈለግኩት። የጆሮ መድፈኛ አለኝ። ግን ጫካ ውስጥ ጆሮህን ደፍነህ የአጋዘን ኮቴ እንዴት ትሰማለህ?

ሻጩ ዋጋውን ከነገረኝ በኋላ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ፎርም 4 የሚባለው የፈቃድ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ። የጣት አሻራ በሁለት ካርድ፣ ዐሥሩም ጣት። ሁለት ጉርድ ፎቶ። ለአካባቢው የፖሊስ አዛዥ የሚላክ አንድ ቅጂ። ከዚያ የ200 ዶላር ግብር። ይህ ግብር ዋጋው ላይ የሚደመር አልነበረም፣ ለብቻው ለፌዴራል መንግሥት የሚከፈል ነበር። ሁሉም አልቆ ፈቃዱ ሲመጣ ፎርሙ ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር ያለች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ትመጣለች። እሷ እስክትመጣ ገንዘቡን የከፈልክበት ዕቃ ሱቁ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። መጥተህ ማየት ትችላለህ። ይዘህ መውጣት አትችልም።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አልኩት።

"ዓመት ገደማ" አለኝ፣ ነገ ና የሚል በሚመስል ድምፅ።

ጠመንጃው ግማሽ ሰዓት፣ ቱቦው ዓመት። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ወንበዴዎች ከተማ መሀል መትረየስ የሚተኩሱበት ዘመን ነበር። መንግሥት መትረየሱን ሰው እንዳይገዛው ከባድ ግብር ጣለበት፣ ድምፅ ማፈኛውንም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አብሮ ከተተው። በዚያን ጊዜ 200 ዶላር የዛሬን ከ4,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። የታሰበውም ሰው ቁጥሩን አይቶ እንዲተወው ነው።

አንድ ነገር ግን ይበልጥ ነካኝ። ማፈኛውን የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው። አባቱ የማክሲም መትረየስ ሠሪ ነበር። አባትየው በስተርጅና ጆሮው ጨርሶ አልሰማ አለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሲሞክር በኖረበት ጩኸት። አባት ጩኸቱን ሠራ፣ ልጅ ማብረጃውን። ያንን ያነበብኩ ሌሊት ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የጣት አሻራ የሚያነሳው ሰው ካርዱ ላይ ስሜን ሲጽፍ የአባቴን ስም የመጨረሻ ስም አደረገው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የመጨረሻው የአያቴ ነው። እኔም አላየሁትም፣ ሱቁም አላየውም። ከ5 ወር በኋላ ዶሴው ስሙ አልገጠመም ተብሎ ተመለሰ። ከሀገር የወጣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፣ አባትና አያት ማስከተያ ናቸው። እዚህ ግን ሦስቱን ስሞች አንዱ ቦታ ሲያዛውርብህ ሌላ ሰው ሆነህ ታርፋለህ። ባንክ ላይ ደርሶብኛል፣ የልጄ ትምህርት ቤት ላይ ደርሶብኛል። እዚህም ደረሰ። ከ"ሀ" ጀመርኩ። አሻራ፣ ፎቶ፣ ፖስታ። የተቃጠሉት 5 ወራት ተቃጠሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልመሰክር አላልፍም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም "ሰው አለህ?" አላለኝም። ለሻይ የጠየቀኝ የለም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ በር ላይ አልቆምኩም። ወንድሜ ሀገር ቤት ምንሽሩን ለማስመዝገብ ስንት ቀን እንደተመላለሰ አውቃለሁ። የጦር መሣሪያ አዋጁ አለ፣ በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ ቁጥር 1177። ሲሄድ ግን መዝገቡ አልመጣም፣ ማኅተሙን የያዘው ወጥቷል። እዚህ ቢያንስ የጎደለው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ነገሩኝ። ያቃጠለኝ ጊዜው ነው፣ ሌላ አይደለም።

ጊዜው ብቻ ነው ብልም አንድ ነገር ረሳሁ። ፈቃዱ በእኔ ስም ብቻ ስለሆነ ቱቦውን ለባለቤቴ ትቼላት ከቤት መውጣት አልችልም። የካዝናውን ቁልፍ እሷ ብትይዝ ያልተፈቀደላትን ነገር እንደያዘች ይቆጠራል። ትረስት የሚባል ማኅበር ነገር አቋቁሞ እሷንም ማስገባት ይቻላል። ያኔ ደግሞ የእሷም ዐሥር ጣት፣ የእሷም ፎቶ ይጠየቃል። እኛ ቤት ምንሽሩ የቤቱ ነው። አባቴ መንገድ ሲሄድ እናቴ ከራስጌዋ ታስደግፈዋለች፣ አለቀ።

ከቨርጂኒያ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ብሻገርስ? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ይህ ቱቦ ጨርሶ ክልክል ነው። ኒውዮርክና ካሊፎርኒያም እንደዚያው። ዲሲ ደግሞ ምግብ ለመብላት በየሳምንቱ የምሄድበት ከተማ ነው። መኪናዬ ውስጥ ረስቼው ብሻገር ወንጀለኛ ነኝ። ስለዚህ ከአደን ስመለስ ቀጥታ ቤት፣ ወደ ካዝናው።

አሁን ነገሩ ቀሏል። ፎርሙ በኢንተርኔት ይሞላል፣ በቀናት ውስጥ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች አውቃለሁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የ200 ዶላሩ ግብር ዜሮ ሆኗል። አሻራውና ምዝገባው ግን አልቀረም። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አሻራው ካርድ ላይ ያለውን ስም ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት፣ እዚያው ቆማችሁ።

ቱቦው የመጣ ዕለት ጫካ ወጥቼ አንድ ጥይት ተኮስኩ። ከተኩሱ በኋላ ጆሮዬ አልጮኸም። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። እዚያው ቆሜ ወደ ቢቸና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ነገሩን ነገርኳት፣ እሷም ጎንበስ ብላ በቀኝ ጆሮው ነገረችው።

"ድምፁ ካልተሰማ ምኑን ተኮሰው?" አለ፣ ከሩቅ ይሰማኛል።

"ለጆሮዬ ነው በይው" አልኳት።

"ለጆሮው ነው ይላል!" ብላ ጮኸች።

"ምን?"

"ለጆሮው!"

"ምን?"