ከምሽቱ 12 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ኮንሰርት

በፖስተሩ ላይ በደማቁ የተጻፈው «ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ነበር። ዘፋኙ መድረክ ላይ የወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ስላልበረደልኝ ነው። ደብረ ብርሃን ተመልሼ እንኳ አልበረደም፤ የደብረ ብርሃንን አየር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም መምህራን ነን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ለብቻችን ወጥተን ካደርን ስንት ጊዜ እንደሆነን ለማወቅም የትልቁን ልጅ ዕድሜ መጠየቅ ይበቃል። ስለዚህ ግቢ ተማሪ ሳለን አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን የምንሰማው ዘፋኝ አዲስ አበባ ላይ ሊዘፍን ነው ሲባል፣ ባለቤቴ ከወር በፊት ጀምራ ተሰናዳች። ልጆቹን ለእናቷ አደራ ሰጠን፣ ለሁለት መደበኛ ትኬት 4,000 ብር በቴሌብር ከፈልን፣ ከአዳራሹ ብዙም በማይርቅ ሰፈርም አልጋ ያዝን። ለአዲስ አበባ ሰው ኮንሰርት ማለት የአንድ ምሽት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ጨለማ ከወደቀ በኋላ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚሳፈሩበት መኪና ስለማይገኝ፣ በዚህ ዘመን በሌሊት መንገድ መውጣትም ስለማይመከር፣ ትኬት መቁረጥ ማለት አልጋ መያዝና ሁለት ቀን መስጠት ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተሳፍረን በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አድርገን፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ላምበረት ወረድን። እንደ ማንኛውም ከ2,800 ሜትር ከፍታ እንደወረደ ሰው ወፍራም ጃኬታችንን በክንዳችን ይዘን ስንዞር ዋልን። የባለቤቴ ዕቅድ ከዘፈኑ በፊት አንድ ምግብ ቤት ገብተን፣ ማንም ጭን ላይ ሳይቀመጥ፣ ማንም ውሃ ሳይደፋ፣ ተረጋግተን እራት መብላት ነበር። «ይረፍድብናል» ብዬ ያስተውኳት እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የማላውቀውን አዘጋጅ አምኜ የሚስቴን እራት አስቀረሁ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ደረስን። ጥበቃው የያዝነውን ውሃና አማቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ቆሎ ተቀብሎ ጥግ ላይ ከተከመረው ጋር ቀላቀለው፤ ውሃው ውስጥ በሦስት እጥፍ ዋጋ እንደሚሸጥ ያወቅነው በኋላ ነው። ልክ 12 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት መሰላል ላይ ቆሞ የስፖንሰሩን ጨርቅ በገመድ ያስራል፣ ሌላው ኬብል ይጎትታል፣ ሦስተኛው ማይክ ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ» ይላል። ይህን ቼክ እስከ 2 ሰዓት ሰማን። ከዚያ ዲጄው ጀመረ፣ አላቆመም። በየግማሽ ሰዓቱ የመድረክ መሪው እየወጣ «አዲስ አበባ፣ አላችሁ?» ይለናል፣ «በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ» ይልና ይጠፋል። ባለቤቴ በጆሮዬ «ደብረ ብርሃንም አለች በለው» አለችኝ፤ ይህ ግን ገና ቀልድ በነበረን ሰዓት ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሌሊት ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ነው ይባላል፤ እኛ ሌሊቱን ሙሉ አንጋጠን ያየነው ብርሃን የመድረክ መብራት ሙከራ ብቻ ነበር።

መደበኛ ትኬት ወንበር የለውም። ባለቤቴ ለዚህ ቀን ብላ የገዛችው አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጦት፣ ሶፍት አጥፋ በውስጡ ሸጎጠች፤ እሱም ሲያቅታት አውልቃ በእጇ ያዘችው። ከ4 ሰዓት በኋላ ጃኬቴን ሲሚንቶው ላይ አንጥፈን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተቀመጥን። ብቻችንን አልነበርንም፤ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ የተቀመጠው ሁሉ በሰዓቱ የመጣ ሰው ነበር።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «የሐበሻ ቀጠሮ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይለኛል። ይህን አባባል አልቀበልም። ዕድራችን ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ የዘገየን አባል ስሙን ጠርቶ ይቀጣል፤ ዕቁብ ላይ የሚዘገይ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ቅዳሴ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ሰዓት የሚያከብረውም የማያከብረውም ያው ሐበሻ ነው፤ ልዩነቱ ማርፈድ ማንን ያስከፍላል የሚለው ነው። ኮንሰርት ላይ የሚከፍለው ቀድሞ የመጣው ነው። አዘጋጁ ሰዓቱን የሚያራዝመው አዳራሹ እስኪሞላና መጠጡ እስኪሸጥ ነው፤ ታዳሚው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ 5 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከዚያ አዘጋጁ «ሕዝቡ እኮ ራሱ ይዘገያል» ይላል። ሕዝቡ ማርፈድን ከማን ተማረ? የከተማው ሰው ይህን ትምህርት ጨርሶ ተመርቋል፤ የሚወድቀው ከጫጫ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ፖስተሩን አምኖ የመጣው ነው። እኔ የምጠይቀው ዘፋኙ በ12 ሰዓት ይዝፈን ብዬ እንኳ አይደለም። በሌሊቱ 6 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ 6 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ከሰዓት እንተኛለን፣ እራታችንን እንበላለን፣ ቤቱን የሚዘጋብንንም ሰው ቀድመን እንለምናለን።

በሩን የሚዘጋው ሰው ነው የጨረሰን። ያረፍንበት ቤት ዘበኛ 6 ሰዓት ላይ በር እንደሚዘጋ ነግሮናል፤ ሁለት ጊዜ ደውዬ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አስታገስኩት። ዘፋኙ ወጥቶ አራት አዳዲስ ዘፈኖች ዘፈነ። ባለቤቴ የመጣችለት አሮጌው ዘፈን አልመጣም። 7 ሰዓት ከ10 ላይ «እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷም ሳትከራከር ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ተከተለችኝ። የሜትር ታክሲ ሾፌሮቹ ሜትራቸውን ዘግተው በቃል ዋጋ ይጠራሉ፤ ከአንዱ ጋር እየተከራከርኩ ሳለ የዘፈኑ መግቢያ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ። ዞር ስል ባለቤቴ ቆርቆሮውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። ሾፌሩን «ትንሽ ጠብቀን» አልኩት፤ ጠበቀን፣ የጠበቀበትንም አስከፈለን። ሁለት መኪና የሚጠብቁ ልጆችና አንዲት ቆሎ ሻጭም አብረውን ሰሙ። እነሱ አልከፈሉም።

እሑድ ከሰዓት መኪናው ሸኖን እንዳለፈ ስልኬን ከፈትኩ። አዘጋጆቹ የሞላውን አዳራሽ ፎቶ ለጥፈው፣ ከላዩ ላይ «በሰዓቱ ተገኝታችሁ ላደመቃችሁልን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ «በየትኛው ሰዓት?» ብዬ ጠየቅኩ። ጫጫ ሳንደርስ መለሱልኝ፤ አንድ ቀይ ልብ ላኩልኝ።