መጠለያው በሩን መዝጋት ነበረበት ወይ?

ከወዳጆቼ ጋር ስንከራከር የከረርነው፣ በኮሮና ጊዜ የሰው ንግድ ተጎጂዎች መጠለያ አዲስ ሰው መቀበል ማቆሙ ልክ ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ክርክሩ የተጀመረው ግን በቁጥር ነው። ብዙ ዘመናቸውን በወንጀል ምርመራ ያሳለፉ አንድ የምናከብራቸው ሰው፣ ኮሮና በሰው የሚነግዱትንም ገበያ ዘግቶባቸው ነበር ብለው ተነሡ። የጠቀሱት የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮን ሪፖርት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የተገኙት የሰው ንግድ ተጎጂዎች በ2019 ከነበሩት በ11 በመቶ ያንሳሉ። ቢሮው መረጃ በሰበሰበባቸው 20 ዓመታት እንዲህ ያለ ቅናሽ አልታየም። «ድንበሩ ዝግ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ፣ መጠጥ ቤቱ ተቆልፎ፣ ደላላ ሰውን በምን ያሻግራል?» አሉ።

በተጎጂዎች መጠለያ የሥነ ልቦና አማካሪ የሆነች እኅታችን አላስጨረሰቻቸውም። «ጋሼ፣ ሪፖርቱ ላይ እኮ ሌላም ቁጥር አለ። በዚያው ዓመት በዚህ ወንጀል የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድም በ27 በመቶ ቀንሷል። ፖሊሱ የእንቅስቃሴ ገደብ ሊያስከብር መንገድ ላይ ውሎ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ቤቱ ተቀምጦ፣ ችሎቱ ተዘግቶ ማን ፈልጎ ያግኛቸው? መጠጥ ቤቱ ሲቆለፍ እዚያ የሚነገድባቸው ሴቶች ወደ ግል ቤት ተወሰዱ እንጂ አልተለቀቁም።»

ሕግ የተማረው ጓደኛችን ደገፋት። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሰው ንግድን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ወንጀሉን ሲተረጉም መመልመልንና ማጓጓዝን ብቻ አልጠቀሰም፤ ሰውን ለብዝበዛ አስቦ ማስጠለልና መረከብም እዚያው ውስጥ ነው። አውሮፕላን ስለቆመ ቀድሞ በሰው ቤት ሠራተኝነት የተቆለፈባት አልተፈታችም። እንዲያውም ባሰባት። ድሮ የአሠሪዎቿን ልጆች ትምህርት ቤት ስታደርስ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ አንድ ሰው ያያት ነበር። አሁን አሠሪዎቹም ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ ሥራው በዛ፣ ደመወዙ «ገቢ የለም» ተብሎ ቀረ፣ የደላላው ዕዳ ግን መቆጠሩን አላቆመም።

ጋሼ ይህንን አልካዱም። በእሳቸው ሙያም ክትትል ላይ የነበሩ መዝገቦች ተትተው መርማሪዎች ለቁጥጥር ሥራ እንደተሰማሩ ያውቃሉ። እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የከረረው ግን በኮሮና ጊዜ የአንድ መጠለያ ኃላፊ የነበረው ወዳጃችን ሲናገር ነው። «እኔ አዲስ ሰው መቀበል አቁሜያለሁ። ዛሬም አልጸጸትም። በአንድ ክፍል አራት አልጋ፣ ለሁሉም አንድ መታጠቢያ ቤት። አስም ያለባት አለች፣ አራስ አለች። አንዲት ሴት በሽታውን ይዛ ብትገባ ሁሉንም ትጨርሳቸው ነበር። የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ኑ አልን። ምን ላድርግ?»

«ወረቀቱን ከየት ታምጣው?» አለችው አማካሪዋ። «ለመመርመር መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። የእነሱ ፓስፖርት ያለው በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንድሜ፣ አንዲቷን እኔ አውቃታለሁ። ስትደውልልኝ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ትከፍተዋለች፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ። ሰው ከመጣባት ‹ተሳስተዋል› ብላ ትዘጋዋለች፤ የተስማማንበት ቃል ነው። ስንት ጊዜ አውርተን፣ መውጫውን ሁሉ አጥንተን፣ አንድ ሌሊት አመለጠች። አንድ መጠለያ በር ላይ ደረሰች፤ ተመርምረሽ ነይ ተባለች። ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝግ ነው።»

ኃላፊው ለአፍታ ዝም አለና፣ «የውስጦቹስ?» ሲል መለሰ። «እነሱስ ሰው አይደሉም?»

«የውስጦቹማ ሌላ ጣጣ ነበራቸው» አለች አማካሪዋ። « ‹ከቤት እንዳትወጪ፣ ውጭ ብትወጪ ትሞቻለሽ›፤ ይህንን ያለቻቸው እኮ ያሰረቻቸው ሴትዮ ናት። እኛም ያንኑ ነገርናቸው። አንዷ ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ እየሄደች ትነካ ነበር፣ ከውስጥ መከፈቱን ልታረጋግጥ። የምክር አገልግሎቱ በስልክ ሆነ፤ አራት ሴት ባለችበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የተደፈረች ሴት ታሪኳን አታወራም።»

ሁለቱም ተቆጥተው ነበር፣ ሁለቱም ስለ ሰው ሕይወት ነው የተቆጡት። እኔ ግን ከአማካሪዋ ጋር ነኝ። ያው ቢሮ ባጠናቸው የፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ 41 በመቶ የሚሆነው ጉዳይ ወደ ሕግ የደረሰው ተጎጂዎቹ ራሳቸው አምልጠው ስላመለከቱ ነው፤ ፖሊስ በራሱ ፈልጎ ከደረሰበት ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ በሩንና ስልኩን መዝጋት ዋናውን መውጫ መዝጋት ነው። በ2022 ደግሞ የተገኙት ተጎጂዎች በ2019 ከነበሩት በ25 በመቶ በልጠዋል። ወንጀሉም ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ፍለጋውም ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በ2020 ቀነሰ የተባለውን ግን እንደ መልካም ዜና ልቀበለው አልችልም።

የኃላፊው ፍርሃት እውነተኛ ነበር፤ አራስ ያለችበትን ክፍል ለበሽታ ክፈት የሚለው የለም። ጥፋቱ ፍርሃቱን ብቻውን እንዲሸከም የተዉት ሰዎች ነው። ሆስፒታል ሲከፈት፣ መድኃኒት ቤት ሲከፈት፣ መጠለያ በአስፈላጊ አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ በብዙ ቦታ አልገባም፤ ለይቶ ማቆያም፣ መመርመሪያም፣ ማስክም አልደረሰውም። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ መጠለያ የራሱ መጸዳጃ ያለው አንድ ለብቻ የሆነ ክፍል ይኑረው። ቦታ ከሌለው በአቅራቢያው ካለ ሆቴል ጋር ከወዲሁ ይዋዋል፤ ወጪውን መንግሥት ይቻል። አምልጣ የመጣችው መጀመሪያ ትግባ፣ ትታጠብ፣ ትተኛ። ምርመራው በማግስቱ፣ ያለ መታወቂያ ይሁን።