ጭሱን ትተን እናቲቱን አወረድናት

ወገኖቼ፣ አንጀቴ እያረረ ነው የምናገረው። ዝናብ ስለነበር የአውቶቡሱ መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል፤ ሰው ጢም ብሏል። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ጎልማሳ ሲጋራ ለኮሰ። አጠገቡ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ ለሕፃኑ ብለህ አጥፋው" አለችው። ወደ ጣሪያው አንጋጦ እያትጎለጎለ፣ "ጭስ ነው፤ ይበናል" አላት። ደግማ ስትለምነው የመለሰላት እሱ አልነበረም፤ እናንተ ናችሁ። አንዷ፣ "ቅንጦት ካማራት ታክሲ አትይዝም?" አለች። አንዱ፣ "ስንት ዘመን ሲጨስብን ኖርን፣ ማን ሞተ?" አለ። እኔ ከኋላ ብናገር "አርፈህ ተቀመጥ" ተባልኩ። ሕፃኑ ትን እስኪለው ሲያስል፣ እናቱ በሻርፕዋ ጠቅልላ ይዛው ካሰበችበት ሳትደርስ ወረደች። በዚያ ዝናብ! በሩ ሲዘጋ "እፎይ" ያለ ሰው ነበር። ሰውየውን ሱስ ይዞታል ብዬ ልተወው እችል ይሆናል። ያንን "እፎይ" ግን ይቅር ማለት አልሆነልኝም።

ይበናል? በዚያ ጭስ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የሚባል ውህድ አለ። ትንባሆ፣ እንጨት፣ ናፍጣ፣ የድንጋይ ከሰል በሚገባ ሳይቃጠሉ ሲቀሩ ይፈጠራል። በደቃቅ ብናኝ ላይ ተጣብቆ ሳንባ ይገባል፤ ከልብስና ከወንበር ላይም ያርፋል። ይባስ ብሎ፣ ሰውነታችን ሊያስወግደው ሲታገል ወደ ከፋ መርዝ ይለውጠዋል፤ ያም የዘር መረጃችንን ከተሸከመው ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። ፒ53 የሚባል፣ ሴሎቻችን ወደ ካንሰር እንዳይለወጡ የሚጠብቅ ዘረ መል አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ይህ መርዝ በብዛት የሚጣበቀው በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ዘረ መሉ ተጎድቶ በሚገኝባቸው በእነዚያው ቦታዎች ነው።

አልሰማንም እንዳንል፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ቤንዞፓይሪንም እ.ኤ.አ. በ1933 ከከሰል ሬንጅ ተለይቶ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ መድቦታል። በፖት ዘመን በጠባቡ ጭስ ማውጫ የሚሾልኩት ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ የሚልኳቸው አዋቂዎች መርዙን አያውቁትም ነበር። እኛ ግን ሲጋራው ፓኮ ላይ ተጽፎልን እያነበብን፣ መናገር እንኳ የማይችል ሕፃን ሲታፈን ዝም አልን። ከዝምታም አልፈን እናቱን ተቆጣን። ምን ነካን?

ደክሞኛል፤ ብዙ አልጠይቃችሁም። ሁሉም ሰው ነገ ሲጋራውን ይጥላል ብዬ አልጠብቅም፤ ሱስ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቢያንስ ግን አንዲት እናት "አጥፋው" ስትል ሁለተኛ እንድትለምን አትተዋት፤ አብራችኋት ተናገሩ። አንዱ ከጀመረ ሌላው ይከተላል። ያን ቀን እሷን ለማሳፈር እንዴት እንደተቀባበላችሁ አይቻለሁና፣ ለደጉም ነገር አያቅታችሁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።